የባዶ ወንበር ሰዎች

ሙሪየል ታፕስኮትና ሊንቫል ኳሪ በምሥራቅ ለንደን፣ ሌይተን ሰፈር፣ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ሙሪየል ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ አላገባችም። ሊንቫል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ሚስቱ ስትሞትበት ሰፊውን ቤት ለቅቆ ከሙሪየል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ቤት ያዘ።

ሁለቱ ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ይወጣሉ። ፍቅር አይደለም፤ ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። ነገሩ የተጀመረው ሊንቫል አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ "ሁለት ሰው ሆኖ ለመጣ በግማሽ ዋጋ የሚያበላ ቤት አግኝቻለሁ። ሁለተኛው ሰው ግን የለኝም" ያላት ጊዜ ነው። ሙሪየል ኮቷን ደርባ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ተከፋፈሉ። ምግቡን እሱ ይመርጣል፣ ትርዒቱን እሷ።

ሊንቫል ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍ ብሎ ተቀምጦ የምግብ ቤቶችን መስኮት ሲያይ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የት ጥሩ እንደሚበላና የት ምግቡ ለይስሙላ እንደሆነ ያውቃል። የምግብ ዝግጅት ኮሌጅ ተማሪዎች የሚለማመዱበት አዳራሽ ወስዷት ነበር። እዚያ ሾርባውን የምታቀርበው ተማሪ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ ትሪው ላይ ይቀራል፤ የተረፈው ግን እንደ ትልቅ ሆቴል ሾርባ ነው። ወይን ከቤት ይዞ መግባት የሚፈቀድበትን የቬትናም ቤት ያውቃል። ለእራት ኪስ የሚያራቁቱ ቤቶች ያንኑ ምግብ ለምሳ በስንት እንደሚሸጡት ያውቃል። የቧንቧ ውሃ ሲያዝ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ሻምፓኝ እንደሚያዝ ሰው ኮራ ብሎ ነው የሚያዘው።

ሙሪየል በበኩሏ አንድ ማኅበር ውስጥ ገብታ ነበር። በዚህ ከተማ ትኬቱ ያልተሸጠለት ቴአትር ብዙ ነው። ተዋናይ ደግሞ ባዶ ወንበር ፊት መጫወት አይወድም። ማኅበሩ ለአባላቱ በዚያው ቀን መልእክት ይልካል፤ አባላቱ ሄደው ወንበሩን ይሞላሉ። ክፍያ የለም፤ ደንብ ግን አለ። ጥሩ ለብሶ መምጣት፣ አለማርፈድ፣ ትርዒቱ ሳያልቅ አለመውጣት፣ መጨረሻ ላይ ማጨብጨብ። ከሁሉም በላይ በነጻ መግባትን ለማንም፣ በተለይም ለተዋናዮቹ፣ አለመናገር። የተናገረ ይባረራል።

"ይሄ ከባንክ ዝርፊያ በምን ይለያል?" አላት ሊንቫል፣ ደንቡን ስታነብለት።

"ባንክ የዘረፈ ሰው የማጨብጨብ ግዴታ የለበትም።"

በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ አዩ። ስለ አንድ ንጉሥ የጥርስ ሐኪም የተሠራ ሙዚቃዊ ድራማ አዩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ማንም ያልተንቀሳቀሰበት የስዊድን ዳንስም አዩ። ሊንቫል ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መተኛት ይችላል፤ አውቶቡሱን መጨረሻ ፌርማታ ላይ አቁሞ ሲጠብቅ የተማረው ሙያ ነው። ጭብጨባው ሲጀመር ነቅቶ ከሌላው ሰው በላይ ያጨበጭባል። ሌሎቹን አባላትም በመልክ ለይተዋቸዋል። አረንጓዴ ኮፍያ የምታደርግ ሴት አለች፣ ሳንድዊች በኪሱ ይዞ የሚመጣ ሰውዬ አለ፣ ሁልጊዜ የሚኮራረፉ ባልና ሚስት አሉ። ሰላም አይባባሉም። ሰላምታ ያሳብቃል።

አንድ የኅዳር ማክሰኞ የመጣው መልእክት ኬንቲሽ ታውን ውስጥ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ወዳለች ትንሽ የቴአትር ክፍል የሚጠራ ነበር። ቴአትሩን የጻፈውም የሚጫወተውም አንድ ሰው ነው፤ ክሪስፒን ሄል ይባላል። ክፍሏ ሠላሳ ወንበር አላት። ሙሪየልና ሊንቫል ሲገቡ አሥራ አንድ ሰው ሆነ። አረንጓዴ ኮፍያ አለች፣ ሳንድዊች አለ፣ አኩራፊዎቹም አሉ።

ታሪኩ ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ሹም ነው። ጣቢያው ከተዘጋ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሹሙ ግን ዛሬም ደንብ ልብሱን ለብሶ ባቡር ይጠብቃል። ሊንቫል እንቅልፉን ሊጀምር አገጩን ደረቱ ላይ አስጠጋ። ነገር ግን ጉዳዩ የትራንስፖርት ስለሆነ ትንሽ ልይ አለ። በመሐሉ ሹሙ ሻይ አፈላ። ሁለት ሲኒ አቀረበ፣ በሁለቱም ቀዳ። ከዚያ ሁለተኛውን ሲኒ ለረጅም ጊዜ አየው። የራሱን ጠጣ። ሁለተኛውንም አነሳና ጠጣው።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አረንጓዴ ኮፍያ መሐረብ አውጥታለች። በዚህ መሐል ሊንቫል ሳቀ። ፈገግታ ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ የሳቀው ከሆዱ ነው። ሳቁን ለማፈን ሲሞክር ባሰበት፤ ወንበሩ ይንቋቋ ጀመር።

ሙሪየል በክርኗ ጎሸመችው። "ሰውዬው እያዘነ ነው" አለችው በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ" አለ፣ እንባውን እየጠረገ።

ተዋናዩ መድረክ ላይ ሆኖ ወደነሱ አየና ቀጠለ። ሲያልቅ ሁሉም በደንቡ መሠረት አጨበጨቡ። ሙሪየል ቶሎ ወርዳ መውጣት ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን መውረጃው ደረጃ አንድ ብቻ ነው፣ ሊንቫል ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። መጠጥ ቤቱ በር ጋ ሳይደርሱ ተዋናዩ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ሮጦ ደረሰባቸው። አርባ አምስት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ጆሮው አካባቢ የመድረክ ቀለም ያልለቀቀው ሰው ነው።

"ይቅርታ፣ የሳቁት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አለ ሊንቫል። "ይቅር በለኝ።"

"አሥራ ዘጠኝ ምሽት ተጫወትኩት። እዚያ ቦታ ላይ የሳቀ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። እኔ እኮ የጻፍኩት ሊያስቅ ነው። ሁሉም ያለቅሱብኛል።" እጁን ጨብጦ አልለቅ አለ። "ስለ ቴአትሩ ከየት ሰማችሁ?"

ሊንቫል ሙሪየልን አያት። ደንቡ የእሷ ድርሻ ነው።

"ማስታወቂያ አይተን" አለች ሙሪየል። "ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ሌይተን።"

"ሌይተን? እኔ ማስታወቂያ አልለጠፍኩም።" ተዋናዩ ጥቂት አሰበ። "እናቴ ትሆናለች። በየቦታው እለጥፍልሃለሁ ብላ ነበር።"

"እናትዎ ሌይተን ነው የሚኖሩት?"

"አይ፣ ኮርንዎል ነው። የስድስት ሰዓት መንገድ በባቡር መጥታ ነው ማለት ነው።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድም ቃል አልነገረችኝም።"

ሙሪየል ለአርባ ዓመት መጽሐፍ ያዘገየን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ስትቀጣ የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን ጫማዋን አየች።

ክሪስፒን ካልጋበዝኳችሁ አለ። እምቢ ማለት አልተቻለም። ጥግ ላይ ወዳለ የቱርክ ጥብስ ቤት ወሰዳቸውና ለሦስት ሰው የሚሆን ድብልቅ የበግ ጥብስ በትልቅ ሳህን አዘዘ፤ ዳቦው ትኩስ፣ ሽንኩርቱ በሮማን የራሰ። ሊንቫል ያንን ቤት በመስኮት ሲያየው ነው የኖረው፤ ዋጋ የማይቀንስ ቤት ስለሆነ ገብቶ አያውቅም። አንድ ጉርሻ አነሳ። አኘከ። ሁለተኛ አላነሳም። ውሃ ጠጣበት።

ክሪስፒን እናቱ ጋ ስልክ ሊደውል ስልኩን አወጣ። "ላመስግናት" አለ።

"ልጄ" አለ ሊንቫል፣ "ስልኩን አስቀምጠው።"

"ሊንቫል" አለች ሙሪየል።

"እናትህ የለጠፈችው ነገር የለም። እኛ ማኅበር ነን። ትኬት ሳይሸጥ ሲቀር ይጠሩናል፣ መጥተን እንቀመጣለን። አንከፍልም።"

ክሪስፒን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "አውቃለሁ፣ የመጠጥ ቤቱ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያደርጉ ነግረውኛል። አንድ ሁለት ሰው ነው ያሉኝ።" ከዚያ ቆጠረ። "ከአሥራ አንዱ ስንቱ?"

"ከእኛ ጋር ዘጠኝ ነን" አለች ሙሪየል። ከተነገረ ወዲያ በትክክል መነገር አለበት ብላ ነው። "መስኮቱ ጋ የተቀመጡትን ሁለቱን ግን አናውቃቸውም።"

"እነሱ አከራዬና ባሏ ናቸው።"

"ከፍለው ነው የገቡት?"

"እኔ ነኝ ያስገባኋቸው። የቤት ኪራይ አዘግይቼ ነበር።"

አስተናጋጁ መጥቶ ምግቡ ጥሩ መሆኑን ጠየቀ፤ ሦስቱም በጣም ጥሩ ነው አሉት። ክሪስፒን አንድ ጎድን አንስቶ ሥጋውን ሳይቸኩል ጋጠ። ጨርሶ አጥንቱን ሲያስቀምጥ፣ "ለመሆኑ ወደዳችሁት?" አለ።

"ሁለተኛው ክፍል ረዝሟል" አለች ሙሪየል።

"አከራዬም እንደሱ ብላለች።" ወደ ሊንቫል ዞረ። "ሳቁስ? እሱም ደንብ ነው?"

"የለም። ደንቡ ማጨብጨብ ብቻ ነው። ሳቁ የራሴ ነው።"

"ምን አሳቀዎት?"

ሊንቫል ዳቦውን ቆርሶ አስቀመጠ። "ሚስቴ የሞተች ዓመት" አለ፣ "ጠዋት ጠዋት ሁለት ሻይ እቀዳ ነበር። እጄ ለምዶታል፤ ከቀዳሁ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ። መድፋት ደግሞ አልወድም፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ አይደለም። ሁለቱንም እጠጣለሁ። ትልልቅ ኩባያ ናቸው። ከዚያ ሄጄ አውቶቡስ እነዳለሁ። መጸዳጃ ያለው የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው፤ ሃምሳ አምስት ደቂቃ። መንገድ ከተዘጋ ሰባ። ዓመቱን ሙሉ እየተቁነጠነጥኩ ነዳሁ። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ፣ 'ሹፌር፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታበረው?' አለችኝ። ባለቤቴ ሞታብኝ ነው አልኳት። እውነቴን ነው። ይቅርታ ጠይቃኝ ወረደች።"

ክሪስፒን ሳቀ። ከዚያ ሊንቫልም ሳቀ። ሙሪየል አልሳቀችም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አብራው ስትበላ፣ ስለ ሚስቱ ይህን ያህል እንኳ ሰምታ አታውቅም። እሷም አልጠየቀችም። ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ምግቡና ስለ ትርዒቱ ነው።

"ሹፌር ላድርገው?" አለ ክሪስፒን። "የጣቢያ ሹሙን ትቼ?"

"ተው ልጄ። ሹም ይሻላል። ሹም ቢያንስ መጸዳጃ አለው።"

ሂሳቡን ሦስት ቦታ ተካፈሉት፤ ክሪስፒን እኔ ልክፈል ብሎ ቢታገልም ሊንቫል እጁን ያዘው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ዋጋ የበሉት እራት ያ ነበር። ሊንቫል ሳህኑን በዳቦ ጠረገው።

በማግስቱ ክሪስፒን ሄል፣ ቅን ሰው ስለሆነ፣ ማኅበሩ ጋ ስልክ ደወለ። ሊያመሰግን ነው። አባላታችሁ እንዴት ያሉ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ አቶ ሊንቫል ኳሪ የሚባሉት፣ ሁሉንም ነገር በግልጽ አስረድተውኛል፣ አላቸው። ኩባያውን ሳይቀር ተረከላቸው።

ከሰዓት በኋላ ለሙሪየል ኢሜይል መጣ። አባልነቷ ከነእንግዳዋ ተሰርዟል፤ ለወደፊቱ መልካም የቴአትር ምሽቶችን እንመኛለን ይላል።

ሙሪየል ኢሜይሉን በወረቀት አትማ በሊንቫል በር ሥር አስገባችው። ምንም አልጻፈችበትም። ሊንቫል አንብቦ አጥሩ ጋ ሄደና ጠራት።

"አንቺ ብትሆኚ ዝም ትዪ ነበር?"

"አዎ።"

"እናቱ ጋ ሲደውል?"

"ደንብ ነው፣ ሊንቫል። ሁለት መቶ ሰው ፈርሞበታል፤ ያፈረሰው ግን አንድ ሰው ነው።"

የሚቀጥለው ማክሰኞ አልወጡም። ከዚያ የሚቀጥለውም። ሊንቫል ብቻውን ኮሌጁ ሄዶ በላ፤ የተማሪዋ እጅ መንቀጥቀጡን ትቶ ሾርባው ሙሉው ደረሰለት፤ ግን ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም። ሙሪየል በበኩሏ ቴሌቪዥን ስታይ አመሸች። ማጨብጨብ የለም፣ ለብሶ መውጣት የለም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ፣ ሊንቫል ያንኑ ፕሮግራም እያየ መሆኑን ትሰማለች።

በሦስተኛው ማክሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሯ ተንኳኳ። ሊንቫል ከረባት አስሯል።

"ትርዒት አግኝቻለሁ" አለ።

"ትርዒት የእኔ ድርሻ ነው።"

"አንቺ ሥራ አጥ ነሽ። ኮትሽን ልበሺ፣ በእግር ነው።"

የወሰዳት የአካባቢው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃድ ኮሚቴ ስብሰባ ነው። ሕዝብ ገብቶ ማየት ይችላል፤ አዳራሹ ይሞቃል፣ ወንበሩ ስፖንጅ አለው። የዕለቱ ጉዳይ የአንድሬዩ ነበር። አንድሬዩ በዋናው መንገድ ላይ አሳና ድንች ጠብሶ የሚሸጥ ቆጵሮሳዊ ነው፤ አዲስ የጭስ ማውጫ በቤቱ ጀርባ ማቆም ፈልጓል። ከበላዩ የምትኖር አንዲት ሴት ተቃውማለች። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ፣ ልብሷ፣ መጋረጃዋና ድመቷ አሳ አሳ እንደሚሉ ተናገረች። ማስረጃ ብላ አንድ ትራስ ለኮሚቴው አቀረበች። ትራሱ ከሰብሳቢዋ ጀምሮ እየተዘዋወረ ሁሉም አሸተቱት። አንድሬዩ ተነስቶ፣ ጭስ ማውጫውን የጠየቀው እኮ ሽታው ወደ ላይ እንዲሄድ ነው አለ። ሴትዮዋ፣ እኔ እኮ የምኖረው ላይ ነው አለች።

ሙሪየል ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። ሊንቫል እንቅልፉ አልመጣም።

"ጥሩ ናት" አለችው ስለ ሴትዮዋ፣ በሹክሹክታ። "ትራሱን መጨረሻ ላይ ነበር ማውጣት የነበረባት።"

አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ በኋላ ሰብሳቢዋ፣ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ ካላየ መወሰን እንደማይችል አስታውቃ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር ቀጠረችው። ሙሪየል ቀኑን ጻፈች።

ከዚያ አሳ ለመብላት ወደ አንድሬዩ ሄዱ፤ ሌላ የት ይኬዳል። ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቷል። ከፊታቸው የቆመችው ባለ ትራሷ ሴት ናት። ትራሱን በብብቷ ይዛለች።

"ተቃዋሚ አይደሉም እንዴ?" አላት ሊንቫል።

"ጭሱን ነው የተቃወምኩት" አለች። "ከአሳው ጋር ጠብ የለኝም።"

ሰልፉ በዝግታ ተንቀሳቀሰ። ሙሪየል እጇን ኮት ኪሷ ከትታ ቆማ ቆየችና፣ "ሚስትህ ስሟ ማን ነበር?" አለችው።

"ጆይስሊን።"

"ምን ትወድ ነበር?"

"ዳንስ። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ነው የምትነሳው። ቶተናም አንድ አዳራሽ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ትሄድ ነበር፣ ከእህቷ ጋር። እኔ ሁለቴ ነው የሄድኩት።"

"አሁንም አለ?"

"ሐሙስ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ለጡረተኛ በነጻ ነው።"

"መደነስ አልችልም" አለች ሙሪየል።

"እኔም አልችልም። ለዚህ ነው ሁለቴ ብቻ የሄድኩት።"

ተራቸው ደረሰ። አንድሬዩ አሳውን ሲጠቀልል ከስብሰባው ለይቷቸው ስለነበር፣ ማንን እንደሚደግፉ በዘዴ ጠየቃቸው። ሙሪየል ገና እንዳልወሰኑና ሁለቱንም ወገን መስማት እንደሚፈልጉ ነገረችው። ድንቹን ጨመር አደረገላቸው።

ሐሙስ ዕለት ቶተናም ሄዱ። ሙሪየል ሊንቫልን ሁለት ጊዜ ረገጠችው፤ እሱ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወንበር ይዘው የሌሎቹን ዳንስ እያዩ ተቀመጡ። ሊንቫል የትኛዋ ሴት እንደ ጆይስሊን እንደምትዞር በጣቱ አሳያት። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ወፍራም ሴት ነበረች፤ ዞር ስትል የቀሚሷ ጫፍ ጠረጴዛቸውን ይነካ ነበር። ሙሪየል እስኪያልቅ ድረስ እሷን ብቻ አየች።